ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ሳልረግጥ የጎልፍ ስዊንጌን (የዱላ አወዛወዜን) ማቃናት እችላለሁ?

ልብስ ሰፊው ከአራዳ — ሰኔ 18

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር አራዳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ዕድሜዬ 44 ነው። ጎልፍን ያወቅሁት ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ቦርሳ ስሸከም ነው። ካዲ ነበርኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሰው ሲመታ ቆሜ እያየሁ ለመድኩ። ማታ ማታ ተጫዋቾቹ ሲሄዱ እኛ ልጆቹ በአንድ ዱላ ተራ እየጠበቅን እንመታ ነበር። ያ ፍቅር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አሁን ያሉኝ ሦስት ዱላዎች ናቸው፤ ሰባት አይረን (ለመካከለኛ ርቀት)፣ ዌጅ (ለአጭር ምት) እና ፓተር (ኳስ ወደ ጉድጓድ ለማንከባለል)። ኳሶቼ 22 ናቸው። አዘዞ በኩል አንድ ገበሬ ወዳጅ አለኝ። አዝመራውን ካነሳ በኋላ፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ማሳው ላይ እንድመታ ይፈቅድልኛል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ልጄን ይዤ እወርዳለሁ። እኔ እመታለሁ፣ እሱ ይለቅማል። ሰኔ ሲገባ ግን ያበቃል። ማሳው ይታረሳል፤ ሐምሌ ላይ ጤፍ ይዘራበታል። በዚያ ላይ ዝናቡ አለ።

ችግሬ ይኼ ነው። በቀኝ ነው የምመታው። ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሳለች። ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ግን ወደ ቀኝ ትታጠፍና የጎረቤት አጥር ውስጥ ትገባለች። ስላይስ የሚሉት ነው። ለዓመታት ወደ ግራ አልሜ እየመታሁ ኖርኩ። እሷ ግን ይባስ ብላ ታጠፈች።

ለራሴ ብቻ ቢሆን እንደለመድኩት እኖር ነበር። ባለፈው ግንቦት ግን ዱላውን ለልጄ ሰጠሁት። 11 ዓመቱ ነው። አቋቋሙ እኔን፣ አነሳሱ እኔን። መታት፤ ኳሷም ልክ እንደኔዋ ወደ ቀኝ ታጠፈች። እሱ ደስ ብሎት እየሮጠ ሄደ። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። በእኛ ሙያ ቅዱ ከተበላሸ ስፌት አያቃናውም። ልጁ የተቆረጠው በእኔ ቅድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ መቃናት አለብኝ።

ክረምት ለልብስ ሰፊ ቀዝቃዛ ነው። ሰርግ የለም። የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚመጣው ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ጊዜ አለኝ። ቤቴ ሦስት ሜትር በአራት የሚሆን በረንዳ አለው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት ቁመት ሙሉ መስታወት አለኝ። ስልኬም ይቀርጻል። ኳስ ሳይመቱ፣ የት እንደሄደች ሳያዩ፣ ስዊንግ ይቃናል? ከሆነ ከየት ልጀምር?

የማራኪ ልጅ — ሰኔ 19

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። የልጅህ ነገር ሆዴን አላወሰው። ማራኪ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ ደግሞ ሜዳ የሚዘጋብን በብርዱ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብዙ ሰው ዱላውን ጋራዥ ይከታል። እኔ የተሻሻልኩት ግን በእነዚያ ወራት ነው።

ኳስ ፊትህ ካለች ሐሳብህ ሁሉ እሷ ላይ ነው። አዲስ ነገር ስትሞክር የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ምቶች ይበላሻሉ። ትደነግጣለህ፤ እጅህም ሳታዘው ወደ ድሮው ይመለሳል። ኳስ ከሌለ ግን የሚያስደነግጥህ ነገር የለም። ታዋቂው ጎልፈኛ ታይገር ዉድስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1997 ማስተርስ የተባለውን ትልቅ ውድድር በ12 ምት ልዩነት ካሸነፈ በኋላ ነው ስዊንጉን አፍርሶ እንደገና የሠራው። ስለዚህ በ44 ዓመት ማፍረስ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ስላይስ ያየ ሁሉ «አያያዝህን ቀይር» ይልሃል። ቆይ። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው በምቱ ሰዓት የዱላው ፊት (ኳሷን የሚነካው ገጽ) የሚያይበት ነው። የምትታጠፈው ደግሞ የዱላው ፊትና የዱላው አካሄድ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ያንተ ቀጥ ብላ ከተነሳች ፊቱ ዒላማውን እያየ ነው። ዱላው ግን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ካንተ ርቆ መጥቶ ወደ አንተ፣ ወደ ግራ እየቆረጠ ያልፋል። አያያዝህን ብቻ ብትቀይር ኳሷ ቀጥ ብላ ወደ ግራ ትሄድብሃለች። ወደ ግራ አልመህ ስትመታ የባሰብህም ለዚህ ነው፤ ሰውነትህ ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ዱላውም የበለጠ ወደ ግራ ይቆርጣል።

መድኃኒቱ ሱቅህ ውስጥ አለ። ባዶ የክር ካርቶን ውሰድ። በረንዳው ላይ ኳሷ የምትቀመጥበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ካርቶኑን ከምልክቱ ማዶ፣ ካንተ ራቅ አድርገህ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ እግርህ በኩል አስቀምጠው። ዱላው ከውጭ ከመጣ ካርቶኑን ይመታዋል። ከውስጥ ከመጣ አይነካውም። የሚመሰክርልህ ካርቶኑ ነው። መጀመሪያ በጣም በዝግታ አድርገው፤ ሻይ እንደሚቀዳ ሰው። ወደ ታች ስትመጣ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ግራ ዳሌህ ይሁን። ክንድህ ይከተል።

ስልኩን ከኋላህ፣ ማለትም ከዒላማው ተቃራኒ በቀኝህ በኩል፣ በዒላማው መስመር ላይ፣ በእጅህ ቁመት ልክ አቁመው። ከጎን ወይም ከፍ ብሎ ከተቀረጸ ይዋሻል።

አንድ ነገር ደግሞ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እዚያ ኳስ ርቃ ትሄዳለች፣ የምትታጠፈውም ያንሳል። እዚያ ማሳ ተሻግራ አጥር ውስጥ ከገባችብህ፣ እዚህ ቆላው ላይ ብትመታት ከዚያም ትብሳለች። ስለዚህ ጥፋቱን አቅልለህ አትየው።

ፊዚዮ ጎንደር — ሰኔ 21

ጋሼ፣ እኔ ጎልፍ አልጫወትም። እዚሁ ከተማ በፊዚዮቴራፒ ነው የምሠራው። ልብስ ሰፊ ነኝ ስላሉ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወገባቸውን ይዘው ከሚመጡልኝ ሰዎች መካከል ልብስ ሰፊዎች ብዙ ናቸው።

ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ጎንበስ ሲሉ የላይኛው ጀርባ ይደርቃል። ሰውነት መዞር ያለበት በላይኛው ጀርባና በዳሌ ነው። የወገብ አጥንት ለመታጠፍ እንጂ ለመዞር ብዙም አልተሠራም። ሁለቱ እምቢ ካሉ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ወገብ ነው። እህታችን ያለችውን የዳሌ እንቅስቃሴ ደረቅ ጀርባ ይዘው ቢሞክሩ ክንድ ብቻውን ይቀድማል።

ስለዚህ ዱላ ከማንሳትዎ በፊት በርጩማ ላይ ይቀመጡ። ጉልበትዎን ገጠም ያድርጉ። ዱላውን ትከሻዎ ላይ አጋድመው፣ ዳሌዎ ሳይነቃነቅ ወደ ቀኝ አሥር ጊዜ፣ ወደ ግራ አሥር ጊዜ ቀስ ብለው ይዙሩ። ማታ ደግሞ ምንጣፍ ላይ በጎን ይተኙ፤ ጉልበት ታጥፎ፣ ሁለት እጅ ወደ ፊት ተዘርግቶ። የላይኛውን እጅ እንደ መስኮት ወደ ኋላ ይክፈቱት፣ ይመልሱት። በሁለቱም ጎን ስምንት ስምንት። በየቀኑ አሥር ደቂቃ እሁድ ብቻ ከሚደረግ ሁለት ሰዓት ይበልጣል። ሕመም ወደ እግር ከወረደ ግን ያቁሙና ይታዩ።

የደንቢያው — ሰኔ 25

ልጄ፣ የምትለውን ጨዋታ አላውቀውም። የልጅ ልጄ አነበበልኝ፤ እሱው ይጽፍልኛል። እኛ ቆላድባ ገና ስንጫወት ነው ያደግነው። ቆልማማ ዱላ፣ የእንጨት ሩር። የአንተም ዱላ ጫፉ የታጠፈ ነው አሉኝ። እንግዲያ ዘመድ ነው።

ክንደ ብርቱ የሆነ ልጅ ሁልጊዜ ሩሯን ወደ ጎን ያወጣት ነበር። ለምን መሰለህ? ከላይ ሆኖ በጉልበቱ ስለሚቸኩል ነው። አባቴ ዱላውን ይቀማንና ቀጭን የወይራ አርጩሜ ይሰጠናል። ሩር የለም። «ወዝውዝ» ይላል። አርጩሜው ሽው ይላል። «የት ላይ ሽው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ቀኝ ጆሮህ አጠገብ ከጮኸ ጉልበትህ ሩሯ ጋ ሳይደርስ አልቋል ማለት ነው። ሽው ማለት ያለበት ከግራ እግርህ ፊት፣ ሩሯ ከነበረችበት አልፎ ነው። እኛ ይኼን የለመድነው በዓይናችን ሳይሆን በጆሯችን ነው።

ደግሞ ቆመህ አትምታ። ገና ላይ እየሮጥህ ነው የምትመታው፤ ክብደትህ ከእግር እግር ይሄዳል። አንተም ግራ እግርህን አንሳና እርገጥ፣ ከዚያ አውርደው። መጀመሪያ እግር፣ ኋላ ዱላ።

ልብስ ሰፊው ከአራዳ — ነሐሴ 22

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ወር ጠፋሁ፤ ስሠራበት ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ውዝወዛ ካርቶኑን ዘጠኙን መታሁት። በጣም በዝግታ ሳደርገው አልነካውም። ትንሽ ፍጥነት ስጨምር ጓ! እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ልጄ ከኋላዬ ሲቀርጸኝ አየሁት። ቀኝ ትከሻዬ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ዳሌዬ ገና አልተነሳም። ይኼን ሁሉ ዓመት አላወቅሁትም ነበር። የደንበኛ ትከሻ በግማሽ ሳንቲም ሲያዘነብል ከሩቅ የማየው ሰው የራሴን አላየሁም።

የበርጩማውን መዞር ማሽኔ አጠገብ አደረግሁት። በየሁለት ሰዓቱ መርፌውን አቆምና አሥር አሥር እዞራለሁ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ስዞር በሩን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ከበሩ አልፌ ኋላዬ የተሰቀሉትን ልብሶች አያለሁ። ወገቤም ማታ ማታ ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ቀለል ብሎኛል።

ከሁሉ የያዘልኝ ግን የአባታችን ምክር ነው። አርጩሜ ቆረጥኩ። ችግሩ ዝናቡ ነው። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳን አርጩሜ የሰው ድምፅም አይሰማ። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። የመጀመሪያ ቀን ስወዘውዘው ሽው ያለው ቀኝ ጆሮዬ ሥር ነው። አባታችን እንዳሉት። ለሦስት ሳምንት እዚያው ቀረ። በፍልሰታ ጾም መጀመሪያ አካባቢ አንድ ቀን ጠዋት ምንም ሳላስብ፣ ግራ እግሬን አንስቼ ረገጥኩ፣ ለቀቅሁት። ድምፁ ወደታች ወርዶ ከግራ ጫማዬ ፊት መጣ። አጭር ነው፤ ስለታም ነው። ጨርቅ በአንድ ትንፋሽ ሲቀደድ ያለው ዓይነት። ቆሜ ቀረሁ። እንደገና አደረግሁት፤ ጠፋ። በአምስተኛው ተመለሰ።

ፍጥነቱን ያስያዘኝ ደግሞ የማሽኔ ፔዳል ነው። ወደ ላይ ስሄድ ሦስት እቆጥራለሁ፤ ስወርድ አንድ። ስቸኩል ክሩ እንደሚበጠሰው ሁሉ እዚህም ይበጠሳል።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኳስ ሰፋሁ። በረንዳው ጫፍ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቅዬ ወደ እሱ እንመታለን። የጨርቅ ኳስ አትታጠፍም፤ ስለዚህ መቃናቴን አትነግረኝም። ለዚያ ካርቶኑ አለ። ትናንት ከአሥሩ ሦስቱን ብቻ ነካሁት። ልጄ አንድም አልነካም። እሱ አርጩሜውን ከኔ ቀድሞ ነው የለመደው።

አሁን ዩኒፎርሙ መጥቷል፤ 140 ሱሪ ቆርጬ አስቀምጫለሁ። በቀን ከአሥር ደቂቃ በላይ አይኖረኝም። ጥያቄዬ አንድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ማሳው ሲለቀቅልን እንዴት ልጀምር? እውነተኛ ኳስ ፊቴ ሲቀመጥ ትከሻዬ እንዳይቸኩል እፈራለሁ።

የማራኪ ልጅ — ነሐሴ 23

ይቸኩላል። ስለዚህ ካርቶኑን ይዘህ ውረድ። በዌጅ ጀምር፤ እጅህ ከወገብህ በላይ አይውጣ። ሁለት ጊዜ በአርጩሜው፣ አንድ ጊዜ በኳስ እያፈራረቅህ ሂድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እሁዶች ሰባት አይረኑን ቤት ተወው። ኳሷ የት እንደሄደች ልጅህ ይይልህ፤ አንተ ግን ኳሷ የነበረችበትን ቦታ እያየህ ቆይ።

መጀመሪያ የሚመታው ግን እሱ ይሁን።