የሚንስትሬል ፖስተር በግል ቤት፦ ይሰብሰብ ወይስ አይሰብሰብ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸውና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ በጥቁሮች የሚያላግጡበት ሚንስትሬል የሚባል ትርኢት ነበር። የማስታወቂያ ፖስተሮቹ ዛሬ በጨረታ ይሸጣሉ። ግለሰብ እነሱን ገዝቶ ማስቀመጡ ነውር ነው? መሳደብ ክልክል ነው፣ የተሳደበ ይወጣል።

ሰብሳቢው (ሜሪላንድ)፦ እኔ እሰበስባለሁ፣ አልደብቅም። ግድግዳ ላይ ግን አልሰቅልም። ፖስተሮቹ የታተሙት በርካሽ ወረቀት ነው፤ ትርኢቱ እስኪያልፍ አጥር ላይ ተለጥፈው ዝናብ እንዲበላቸው። የተረፉት አብዛኛውን ጊዜ ሳይለጠፉ ጓዳ ውስጥ የቀሩት ናቸው። ስትሮብሪጅ የሚባለው የሲንሲናቲ ማተሚያ ቤት በ1900 ለዊሊያም ዌስት ቡድን ያተመው አንድ ፖስተር አለ፤ ቢሊ ቫን የተባለውን ኮሜዲያን በአንድ በኩል ነጭ፣ በሌላ በኩል ጠቁሮ ያሳያል። ዛሬ ዋሽንግተን ባለው የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስላለ ማንም በኢንተርኔት ገብቶ ያየዋል። ያ ወረቀት ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ «ተጋንኖ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ለሚል ሰው ምን ታሳዩታላችሁ?

የማርታ እናት (ዲሲ)፦ ወንድሜ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሌላ፣ ያንተ ቁም ሣጥን ሌላ። እዚያ ያለውን ማንም አይቸበችበውም። አንተ ግን ጨረታ ላይ እጅህን ባወጣህ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ አስመስሎ የሚያትመው ይበዛል። እንግዲህ ያንን ስድብ ዳግም እያሳተምነው አይደለም ትለኛለህ?

የፒያሳ ልጅ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ የእነሱ ጉዳይ ነው። እኛን ምን አገባን?

መምህሩ፦ እንዴት አያገባንም! ከእነዚህ ቡድኖች ብዙዎቹ ራሳቸውን «ኢትዮጵያን» እያሉ ነበር የሚያስተዋውቁት። በ1844 ዋይት ሀውስ ተጠርቶ በፕሬዚዳንት ጆን ታይለር ፊት የተጫወተው ቡድን ስሙ «ኢትዮጵያን ሴሬናደርስ» ነው። አገራችንን አይተዋት አያውቁም፤ ጥቁር የሆነውን ሁሉ በዚያ ስም ስለሚጠሩ ነው። ሆነም ቀረ፣ ቡሽ ከተቀባው ፊት ሥር ተጽፎ የሚገኘው ስማችን ነው። ለጥቁሮች ነፃነት የታገለው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1848 በራሱ ጋዜጣ ላይ እነዚህን ተጫዋቾች የነጩ ኅብረተሰብ አተላ አላቸው፤ ተፈጥሮ የነፈገቻቸውን ቀለም ከእኛ ሰርቀው ይነግዱበታል ሲል። እንግዲህ ሰውየው ከባርነት ያመለጠ ነው፣ እነሱ ደግሞ በየአዳራሹ ይጨበጨብላቸው ነበር።

የፒያሳ ልጅ፦ ይህን አላውቅም ነበር ጋሼ። ታዲያ እርስዎ የትኛው ወገን ነዎት?

መምህሩ፦ ፖስተሩን ሁሉ በአንድ ከረጢት አትክተቱት ባይ ነኝ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ጥቁሮች ራሳቸው ቡድን አቋቁመው ዞረዋል፤ ብዙዎቹም ገበያው ስለሚጠይቅ ፊታቸውን ይቀቡ ነበር። በ1900 የተጀመረው «ራቢትስ ፉት» የሚባል ቡድን ባለቤቱ ፓት ቻፔል የሚባል የፍሎሪዳ ጥቁር ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ ነው ነጭ የገዛው። ማ ሬይኒ፣ የብሉዝ ዘፋኟ፣ በዚያ ቡድን ድንኳን ዘፍናለች። የብሉዝን፣ የዚያን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያለ እነዚያ ወረቀቶች ምን ይይዛል? ጥቁሮቹ ኮሜዲያን በርት ዊሊያምስና ጆርጅ ዎከር ደግሞ በ1906 ብሮድዌይ ላይ «አቢሲኒያ» የሚል የሙዚቃ ቴአትር አሳይተዋል፤ ከካንሳስ የመጡ ጥቁሮች ምኒልክ አገር ሲገቡ የሚሆነውን ነው የሚተርከው። ዊሊያምስ ጥቁር ሆኖ ሳለ መድረክ ላይ ፊቱን ይቀባ ነበር። የዚያ ቴአትር ፖስተር ቢገኝ እኔ ራሴ፣ ልንገራችሁ፣ ለመግዛት እመኛለሁ።

የማርታ እናት (ዲሲ)፦ ጋሼ፣ የቻፔልንስ ልተውልዎ። እኔ የምለው ስለ ነጮቹ ነው።

የቀድሞ አታሚ፦ አስመስሎ ማተም ስለተነሳ፦ ዓይናችሁ እንዳይታለል ማጉያ መነጽር ያዙ። የድሮው የድንጋይ ሊቶግራፍ፣ ድንጋይ ላይ ተስሎ የሚታተመው፣ ነጥቡ በእጅ የተሠራ ስለሆነ ወጣ ገባ ነው። የዛሬው የኦፍሴት ኅትመት ደግሞ በመስመር የተሰለፉ እኩል ነጥቦች ያሳያል። ሥነ ምግባሩን ለእናንተ ትቻለሁ።

ሰብሳቢው (ሜሪላንድ)፦ እትዬ፣ ሙዚየሙስ ከየት መጣ? ሚሺጋን፣ ፌሪስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለውን የጂም ክሮው ሙዚየም የመሠረተው ዴቪድ ፒልግሪም የሶሲዮሎጂ ምሁር ነው፣ ራሱም ጥቁር። (ጥቁሮችን ከነጮች የሚለየው ያ ሁሉ ሕግ የተጠራበት «ጂም ክሮው» ራሱ የሚንስትሬል ገጸ ባሕርይ ነው፤ ቶማስ ራይስ የሚባል ነጭ በ1830 ገደማ መድረክ ላይ ያወጣው።) ፒልግሪም በልጅነቱ አላባማ ውስጥ በጥቁሮች የሚያላግጥ ዕቃ መጀመሪያ ሲገዛ መሬት ላይ ወርውሮ ሰበረው። ቀጥሎ ግን መሰብሰብ ጀመረ። ያኔ «ግለሰብ አይግዛ» ቢባል ኖሮ ሙዚየሙ የለም።

የማርታ እናት (ዲሲ)፦ መልካም አልክ። እሱ ግን የሰበሰበውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ። አንተስ መቼ ነው የምትሰጠው?

ሰብሳቢው (ሜሪላንድ)፦ ከእኔ በኋላ ለተቋም እንዲሰጥ ኑዛዜዬ ላይ አስገብቻለሁ። ሽያጩን በተመለከተ ግን አሁንም ከእርስዎ ጋር አልስማማም። ሁለት ቅጂ ካለኝ አንዱን እሸጣለሁ፣ ያለዚያ ሌላውን ማሳደሻ ከየት አመጣለሁ? ከመሸጤ በፊት ግን ገዢው ለምን እንደፈለገው እጠይቃለሁ።

የማርታ እናት (ዲሲ)፦ ጠይቀህ ምን ሊልህ ነው? ሁሉም «ለታሪክ ነው» ነው የሚልህ። «ላላግጥበት ነው» ብሎ የሚገዛህ ሰው አጋጥሞህ ያውቃል?