የኩሬን አሞኒያ ስለሚቀንሱ የዕፅዋት ውጤቶች የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

በሰበታ ዳርቻ፣ በፕላስቲክ በተሸፈነ ቤት ውስጥ በሠራሁት ኩሬ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለውን ዓሣ አረባለሁ። መኖውን ከኑግ ፋጉሎ፣ ከአኩሪ አተርና ከፉርሽካ ራሴ አዘጋጃለሁ። ዓሦቹ ቶሎ እንዲያድጉልኝ አኩሪ አተሩን ካበዛሁ ወዲህ ግን፣ ከሰዓት በኋላ መኖ ስበትንላቸው ወደ ላይ መውጣት ትተው የውኃ መግቢያው ቧንቧ ሥር ይከማቻሉ። ዓሦቹ የመኖውን ፕሮቲን ፈጭተው የሚያስወጡትን አሞኒያ የሚለካው የመመርመሪያ ጠብታ ጠዋትም ማታም ያው 2 ሚሊ ግራም በሊትር ያሳያል፤ ፒኤች (የውኃው የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ግን ጠዋት 7.5 የነበረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ 8.8 ይደርሳል። አረንጓዴው አልጌ ቀን ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲስበው ፒኤች ስለሚጨምር፣ የአሞኒያው ጠቅላላ መጠን ሳይለወጥ መርዛማው የአሞኒያ ክፍል እንደሚበዛ ተረድቻለሁ። ውኃውን ቶሎ ቶሎ እንዳልቀይር ደግሞ የጉድጓዱ ውኃ ለቆሮሶ እጅግ ቀዝቃዛ ነው።

ሽሪምፕ አርቢዎች ዩካ ሺዲጌራ ከተባለው የሜክሲኮ በረሃ ተክል የሚወጣውን፣ ሳፖኒን (አረፋ የሚሠራ ንጥረ ነገር) ያለበትን ዱቄት አሞኒያን ለመቀነስ ከመኖ ጋር እንደሚሰጡ አንብቤአለሁ። ጎረቤቴ «እንዶድም አረፋ አለው፤ እሱን ሞክር» ቢለኝም፣ እንዶድ ራሱ ዓሣ ስለሚገድል አልደፈርሁም።

ስለዚህ የዩካውን ዱቄት በአገር ውስጥ ከየት ማግኘት እንደሚቻል፣ ለአንድ ኪሎ መኖ ስንት ግራም እንደሚበቃ፣ ወይም ሞላሰስ ጨምሮ ባክቴሪያው አሞኒያውን እንዲወስደው ማድረግ ይሻል እንደሆነ፣ በእጁ የሞከረ ሰው እንዲያስረዳኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያው መኖውን በግማሽ ቀንሻለሁ።