የዳንቴል ካሬ ለማገጣጠም ድሬና ሐረር ላይ ለማን ልስጥ? ምን ልግዛ?

እህቴ፣ ለአልጋ ልብስ 36 የዳንቴል ካሬ ጨርሰሽ የሚገጣጥምልሽ ሰው እየፈለግሽ እንደሆነ አየሁ። እኔ ድሬ ነው የምኖረው፤ ሐረርም ዘመድ ስላለኝ እመላለሳለሁ። ሁለቱም ጋ የሞከርኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አደራ የምልሽ፣ ካሬን ከካሬ ለማያያዝ ለስፌት መኪና አትስጪ። ዳንቴል ይለጠጣል፤ የመኪናው ክር ግን አይለጠጥም። መኪናው ጠርዙን እየጎተተ ሲሰፋው መሥመሩ ይጨማደዳል፣ ወይ ይወዛወዛል። እኔ ላይ ደርሷል። ለእናቴ የሠራሁትን የጠረጴዛ ልብስ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጠሁ። ሲመለስልኝ መሀሉ እንደ ድንኳን ተነስቷል። ስፌቱን በምላጭ ስፈታው ሁለት ካሬ ተቆረጠብኝ። የስንት ማታ ሥራ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። አቦ፣ ልፋትሽን እንደዚያ አታድርጊው!

መኪና የሚያስፈልግሽ ለገበሩ ነው። ለእሱ ሐረር መኪና ግርግርን እጠቁምሻለሁ። ጀጎል ውስጥ ያለው፣ ስሙን ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ያገኘው መንገድ ማለቴ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ተደርድረው ስለሚሠሩ የአንዱን እጅ ከሌላው እያየሽ ትመርጫለሽ። የገበሩን ጠርዝ ብቻ በመኪና አሰፊና ውሰጂ። ዳንቴሉን ላዩ ላይ ራስሽ በእጅሽ ሰፍተሽ ታያይዥዋለሽ።

በእጅ የሚገጣጥሙ ሴቶች ድሬም ሐረርም በየሰፈሩ አሉ። ጥሩዋን የምትለይው ጀርባውን በማየት ነው። ፊቱን ሁሉም ያሳምረዋል። «ያለቀ ሥራሽን ገልብጠሽ አሳዪኝ» በያት። ቋጠሮ ከበዛበት፣ የክር ጫፍ ከተንጠለጠለበት ተያት። ደህና ከሆነ መጀመሪያ አራት ካሬ ብቻ ስጫት፤ አራቱ የሚገናኙበትን ማዕዘን እይው። ክሩንም ራስሽ አቀብያት፤ አለበለዚያ እጇ ላይ በተገኘው ነው የምትሰፋው።

ክር ድሬ ካሉት ገበያዎች ከቀፊራም ከታይዋንም ገዝቻለሁ። ታይዋን የቀለም ምርጫ አለ። እኔ ግን ቀፊራን እመርጣለሁ፤ ካሬውን ይዤ ሄጄ ከክሩ ጋር ፀሐይ ላይ ነው የማስተያየው። ሱቅ ውስጥ በመብራት አንድ የመሰለሽ ነጭ ውጭ ሲወጣ ሌላ ነው። የክሩ ወረቀት ላይ ያለውን የቀለም ቁጥርም አመሳስይ። ካሬው ጥጥ ከሆነ መገጣጠሚያውም ጥጥ ይሁን። አክሪሊክ ትኩስ ካውያ ሲነካው ይቀልጣል። የልብስ ስፌት ክር ደግሞ ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ሲጎተት ዳንቴሉን ሊቆርጠው ይችላል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ 36 ካሬ ራስሽ ብትገጣጥሚው ነው የምመርጠው። አይከብድም።

ካሬዎቹን አርጥበሽ ፎጣ ላይ ዘርጊያቸው። ሁሉም አንድ ልክ እስኪሆኑ በማይዝግ ስፒል ወጥሪያቸው። ድሬ ላይ ጠዋት የወጠርሽው ለምሳ ይደርቃል፤ ሐረር ላይ ግን እስከ ማግስቱ ተዪው። ሲደርቅ የየጎኑን ዓይን፣ ማለትም ጠርዙ ላይ የተደረደሩትን የክር ቀለበቶች፣ ቁጠሪ። አንዱ 24 ሌላው 23 ከሆነ የቱንም ያህል ብትጠነቀቂ መሥመሩ ይጣመማል።

አሁን ሁለት ካሬ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገሽ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ጠርዙን ቀረብ ብለሽ እይው። እያንዳንዱ ዓይን ላይ ሹሩባ የሚመስሉ ሁለት ክሮች አሉ። አንዷ ወደ ካሬው ውስጥ፣ አንዷ ወደ ውጭ ናት። መርፌሽን በውጪዎቹ ብቻ አሳልፊ፤ ከዚህኛው አንድ፣ ከዚያኛው አንድ። የውስጦቹ ሳይነኩ ይቀራሉ፤ ስፌቱን ግራና ቀኝ አጅበው ሁለት ቀጥ ያሉ መሥመሮች ይሠራሉ። ውበቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። በሁለቱም ክር ካሳለፍሽ ግን ጉብ ያለ ጠባሳ ይወጣል።

ክሩን ጥብቅ አድርገሽ አትሳቢው። ካሬዎቹ ከተነካኩ ይበቃል። በየአምስት ስድስት ዓይኑ መሥመሩን በጣትሽ ለጠጥ አድርጊው፤ አብሮሽ ከተለጠጠ ልክ ነው። መርፌው ጫፉ ዱልዱም ይሁን። ካጣሽ ተራውን መርፌ ገልብጠሽ በቀዳዳው በኩል አሳልፊው፤ ክሩን አይሰነጥቀውም። የጆንያ መርፌ ግን ትልቅ ቀዳዳ ይተዋል። በሙቀት ሰዓት እጅ ስለሚያልብ ነጩ ክር ይቆሽሻል፤ እኔ የምይዘው ከመግሪብ በኋላ ነው።

6 በ6 ከሆነ 5 መሥመር አግድም፣ 5 መሥመር ቁልቁል ነው። አግድሞቹን በሙሉ አስቀድሚ፣ ከዚያ ቁልቁሎቹን። ማዕዘን ላይ ስትደርሺ ክሩን አትቁረጪ፤ በሰያፍ አሻግረሽ ወደሚቀጥለው ካሬ እለፊ። ቁልቁሉ ሲመጣበት መስቀል ይሠራል፣ ቀዳዳውም ይደፈናል። ክር ካለቀብሽ አዲሱን ካሬው መሀል ላይ ጀምሪ እንጂ ማዕዘን ላይ አይሁን።

በኪሮሽ መገጣጠምም ይቻላል፤ ይፈጥናል። ግን ከፍ ያለ መሥመር ይሠራል። ለሶፋ ዳንቴል ያምራል፤ ለሚተኛበት አልጋ ልብስ እኔ አልወደውም።

የመጀመሪያውን መሥመር ስትጨርሺ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ሁለተኛውን ሳትጀምሪ አይቼ እነግርሻለሁ።