ለትምህርት ቤት ግቢ የአገር ሳርና አበባ፦ የቱን፣ የት፣ መቼ እንትከል?

ጥያቄ፦ የማርቆሱ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከግቢያችን ጀርባ ሩብ ሄክታር የምትሆን ቦታ አለች። ለዘመናት ከብት ሲግጣት ኖሮ መሬቷ ተራቁቷል። ካቻምና ታጠረችና ለተፈጥሮ ክበባችን ተሰጠች። የላይኛው ጫፍ ቀይ አፈርና ጭንጫ ነው። ታችኛው ዋልካ፣ ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል።

ሐምሌ ላይ ከከተማ የመጣ የጌጥ ሳር ተተከለባት። ክረምቱን አማረ። ጥር ላይ ግን ደርቆ አለቀ። ከአጥሩ ውጭ ያለው፣ ማንም ያልተከለው ሰርዶ ከብት እየረገጠውም ተረፈ። ልጆቹ "ያ ለምን ሞተ፣ ይሄ ለምን ቆየ?" ብለው ያዙኝ።

አሁን የአገሩን ዕፅዋት መመለስ እንፈልጋለን፤ አክርማ፣ ስንደዶ፣ ሰንበሌጥ፣ ማገጥ፣ አደይ አበባ። የቱ የት ይሁን? ዘሩስ መቼ ይሰብሰብ? ቧንቧ የለንም፤ የሚጠጡት የሰማዩን ውሃ ብቻ ነው። ልጆቹ ደግሞ "ከጮቄ ተራራ ጅብራ የሚባለውን የውርጭ አገር ተክል እናምጣ" እያሉ ነው። እሱስ ይሆናል?

መልስ፦ ዕፅ ወዳድ (ባሕር ዳር)

መምህር፣ መጀመሪያ ልጆቹን ይዘው ሰርዶውን አንድ ቦታ ላይ ያስቆፍሩ። ከላይ የምናየው ትንሹ ክፍል ነው። ከአፈር ሥር ነጭ፣ አንጓ አንጓ ያለው፣ ጫፉ ሹል የሆነ ግንድ ታገኛላችሁ። ከላይም ሌላ ግንድ መሬት ለመሬት ይሳብና በየአንጓው ሥር ይሰዳል። በጋው ቅጠሉን ቢያደርቅበትም ስንቁን ከታች ስላስቀመጠ ዝናብ ሲነካው ይነሣል። የሚያድግበት እምቡጥም አፈሩ አጠገብ ነው። ላም ጫፉን ብትነጨው ሥራው አይቆምም።

ሁለተኛው ነገር የውሃ ቁጠባ ነው። ሰርዶ፣ ሰንበሌጥ፣ አክርማ፣ ስንደዶ፣ ጤፋችንም ሳይቀር "ሲ-4" በሚባለው መንገድ ምግባቸውን የሚሠሩ ሳሮች ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቅጠላቸው ውስጥ አከማችተው ስለሚጠቀሙ የቅጠላቸውን ቀዳዳ ወለል አድርገው መክፈት የለባቸውም። ቀዳዳው ሲጠብ የሚተነው ውሃ ይቀንሳል። ለጠራራ ፀሐይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አደይ አበባ ደግሞ ከበጋ ጋር መጋፈጡን ትቶታል። በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ያብባል፣ ዘሩን ያፈስና ይሞታል። በጋውን የሚያሳልፈው ዘሩ ነው። ስለዚህ አደይ "ጠፋ" ሲባል አልጠፋም፤ አፈር ውስጥ ተኝቷል። የሚጠፋው ዘር ሳያፈራ ተነቅሎ ሲያልቅ ነው። ለበዓል ስትቀጥፉ እኩሌታውን ተዉለት።

ለክፍል የሚሆን ሙከራም ልስጥዎት። ኅዳር ላይ የሰንበሌጥ ዘር ከነጭራው አምጡ። ጭራው ቡናማ፣ ረጅም፣ እንደ ገመድ የተገመደና መሐሉ ላይ የታጠፈ ነው። እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጥቂት ስትጠብቁ መዞር ይጀምራል። ሲደርቅ መልሶ ይገመዳል። ሜዳ ላይ ሌሊት በጤዛ እየረጠበ ቀን በፀሐይ እየደረቀ ሲዞር ሹሉን ዘር ወደ አፈር ይገፋዋል። ዘሩ ሥር ያሉት ጠጉሮች ወደ ኋላ ያዘነበሉ ስለሆኑ የገባው ተመልሶ አይወጣም። ተክሉ ራሱን በራሱ ይዘራል ማለት ነው። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ ልጆቹም ይወዱታል።

መልስ፦ ሰፌድ ሰፊዋ (ደንበጫ)

መምህሬ፣ ስለ አክርማና ስንደዶ እኔን ጠይቁኝ፤ ያደግሁት በሱ ነው። ድሮ መስከረም ሲጠባ ስንደዶ ነቀላ የምንወርድበት ሜዳ አሁን ታርሷል። ዛሬ ሰፌድ የሚሰፋ ሰው ስንደዶውን ከገበያ ነው የሚገዛው። የእናንተ ልጆች ሲተክሉት ማየት እንዴት ደስ ይለኛል።

አክርማን ቅጠሉን አይታችሁ ትለዩታላችሁ። ዳር ዳሩን ጥጥ የተበተነበት የሚመስል ነጭ ጠጉር አለው። ሥሩ ጠንካራ ነው፤ በእጅ ልንቀልህ ቢሉት እሺ አይልም፣ ዶማ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ስለሚያስቸግራት ላም እምብዛም አትደፍረውም። የተጋጠ ሜዳ ላይ ሌላው አልቆ እሱ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ዘሩን አትጠብቁ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲረጋ ካረጀ አክርማ አንዱን ጎን ከነሥሩ ቆርሳችሁ አውጡ። ሙሉውን አትንቀሉ፣ እናቲቱ ትቆይ። ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ አለዚያ ሥሩ ሳይዝ ቅጠሉ ውሃውን ይጨርስበታል። ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለው ቁራሽ ይበቃል። በአንድ ክንድ ርቀት ትከሉ፣ ዙሪያውን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት። ስንደዶም እንደዚሁ ነው። ሁለቱንም ላይኛው ቀይ አፈር ላይ አድርጓቸው፤ ውሃ የሚተኛበት ላይ አይሆኑላችሁም።

መልስ፦ የአዊ ፈረሰኛ (እንጅባራ)

እትዬ የላይኛውን ጨረሱት፤ እኔ ስለ ታችኛው ልናገር። እኛ ፈረስ አርቢዎች ነን፣ ግጦሽ ለኛ ክብራችን ነው።

ዋልካን ብዙ ተክል የሚፈራው በሁለት ምክንያት ነው። ክረምት ሥሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ አየር ያጣል። በጋ ደግሞ አፈሩ ሲሰነጠቅ ሥሩን ይበጥሰዋል። ግጫና ቄጠማ የመጀመሪያውን አይፈሩም። የቄጠማን አገዳ በምላጭ አግድም ብትቆርጡት ውስጡ ስፖንጅ መስሎ ታዩታላችሁ። በዚያ በኩል አየር እስከ ሥሩ ይወርዳል። ዝቅ ያለችው ጥግ የነሱ ትሁን። ለፋሲካ ቄጠማ ፍለጋም ሩቅ አትሄዱም።

ከነሱ ከፍ ብሎ ማገጥ ዝሩ። ማገጥ የእርጥብ ሜዳ ልጅ ነው። ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች ለልጆቹ አሳዩአቸው፤ ውስጣቸው ያለው ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጅን ይዞ አፈሩን ያዳብራል። ፈረስም ከሳር ሁሉ አስበልጦ ይወደዋል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ረጅም ሳር ከጋረደው ይጠፋል። ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ ዘር ካፈሰሰ በኋላ ኅዳር መጨረሻ ላይ እጨዱና ሳሩን አውጡት። ከብት አታስገቡ፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት።

በዚያውም አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ ዲከረንስ የሚባለው ከውጭ የመጣ የግራር ዛፍ ለከሰል ብዙ ብር አመጣ፤ ገበሬው አይወቀስም። ግን የወል ግጦሽ ያለበት ቀበሌ ያለውን ቢይዝ እላለሁ። ዛፍ መትከል ይቀላል፣ ሜዳ መመለስ ግን ይከብዳል።

መልስ፦ ከብቡኝ ወረዳ (ጮቄ ተራራ አጠገብ)

ጅብራውን እዚያው ተዉት። ጅብራ የጮቄ ብርድ ልጅ ነው። ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። አንዱን ስትነቅሉ ገና ያላፈራውን ዘሩን ሁሉ ነው የምትነቅሉት። ጓሳ የሚባለው የውርጭ አገር ሳርም እንዲሁ። ጓሳ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቀጭን ያደርጋል፣ የደረቀውንም አሮጌ ቅጠል አይጥልም። ያ ደረቅ ቅጠል እምቡጡን ከውርጭ ይጋርድለታል። እናንተ ጋ ያን ያህል ውርጭ የለም፤ በሙቀቱ ሌላው ሳር ይበልጠዋል። ልጆቹን ወደኛ አምጧቸው፣ እዚሁ ያዩታል።

መልስ፦ ካንሳስ ያለሁ የቢቸና ልጅ

የምኖረው አሜሪካ ካንሳስ ነው፤ ፕሬሪ የሚባለው የሳር ሜዳ አገር። እዚህ ያየሁት ለመምህሩ ይጠቅማል ብዬ ነው። ረጅም ሳር ያለው ፕሬሪ ከ4 በመቶ በታች ነው የቀረው፣ ሌላው ታርሷል። የተረፈው በብዛት ፍሊንት ሂልስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ነው፣ ድንጋዩ ማረሻ ስለከለከለ። እኛ አገርም ደህና ሳር ያለው ማረሻ ያልደረሰበት ጭንጫና የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ዘራችሁን ከነዚህ ፈልጉ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግን አስፈቅዳችሁ።

እዚህ የታወቀው ትልቁ ሳር ቢግ ብሉስቴም የሰንበሌጥ የቅርብ ዘመድ ነው። ሥሩ ከ2 ሜትር በላይ ይወርዳል። ኮምፓስ ፕላንት የሚባል ቢጫ አበባም አለ፤ ቅጠሉን አቁሞ ጠርዙን ወደ ሰሜንና ደቡብ ያዞራል። የጧትና የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘዋል፣ የቀትሩ ግን ጠርዙን ብቻ ነው የሚነካው። ሜዳውን መልሰው የሚዘሩ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ከላይ ብዙ አይጠብቁም፣ ተክሉ ወደ ታች ነው የሚያድገው። የእናንተም ሁለተኛው ክረምት ሳይደርስ "አልያዘም" ብላችሁ እንዳትገለብጡት።

እዚህ ሜዳውን በጸደይ ሆን ብለው ያቃጥሉታል፤ አሮጌው ሳር ይወገድና አዲሱ ብርሃን ያገኛል።

መልስ፦ የአዊ ፈረሰኛ

ወንድሜ፣ ማቃጠሉን እኛ ጋ ባታነሣው። በጋ ነፋስ አለ፣ አጠገቡ የሳር ቤት አለ፣ ክምር አለ።

መልስ፦ ዕፅ ወዳድ (ባሕር ዳር)

እውነት ነው። ሰንበሌጥ እሳት ይችላል፤ ትምህርት ቤት ግን የእሳት ቦታ አይደለም። ማጨዱ ብርሃኑን ይከፍታል፣ ያው ነው።

የማርቆሱ መምህር

እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ ልጆቹ አክርማውን ተክለው ሲይዝ መስፋቱን መጥተው ቢያሳዩልን ደስ ይለናል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ አሁን ጥቅምት ነው፣ ከዘሩ የቱን እንጀምር? አምና አንድ ልጅ የማገጥ ዘር በጣሳ ዘርቶ እፍኝ ሙሉው ሁለት ሦስት ብቻ በቀለ።

መልስ፦ ዕፅ ወዳድ (ባሕር ዳር)

አደዩን ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱበት። አበባው ረግፎ ራሱ ከጠቆረና ሲነኩት ከተበተነ ደርሷል። ማገጡን አናቱ ቡናማ ሲሆን፣ ሰንበሌጡን ኅዳር ላይ። ጥላ ውስጥ አድርቁና በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡ፤ ፌስታል ያሻግተዋል። ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት።

የማገጥ ዘር ቆዳው ደንዳና ስለሆነ ነው ውሃ የማያስገባው። ሁሉም በአንድ ዝናብ በቅሎ በአንድ ድርቅ እንዳያልቅ ነው ተፈጥሮው። ልጆቹ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው በሁለት ሰሌዳ መሐል ቀስ ብለው ይሹት፤ ቆዳው ይጫር እንጂ አይሰበር። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሃያ ፍሬ ከተሸው፣ ሃያ ካልተሸው አድርጉና አወዳድሩ። ግማሹን ዘር ብቻ ሹት፣ ግማሹን እንዳለ ዝሩት። ያልተሸው ለከርሞ ይበቅላል።

ሰኔ ላይ ስትዘሩ አፈሩን በሬክ ጫር ጫር አድርጉት እንጂ በማረሻ አትረሱት። ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑና በእግር ርገጡት። በጥልቀት ከቀበራችሁት አይወጣም።