ጌምን ወደ ሌላ ኮንሶል ማዛወር መቀነስ ብቻ ነውን?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። ከጓደኛዬ ጋር ለኮምፒውተር የሠራነውን አነስተኛ የተኩስ ጌም ወደ ኒንቴንዶ ስዊች ለማዛወር አስበናል። እስካሁን የተነጋገርነው ስለምንቀንሰው ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ምስል ጥራት፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ፍሬም (በየሰከንዱ ስለሚታዩት ምስሎች) ብዛት። ከዚህ ሌላ ልናስብበት የሚገባ ነገር ካለ ብትጠቁሙን ደስ ይለናል።

መልስ 1
መቀነሱ አይቀርም፤ የት ላይ እንደሚቀነስ የሚወስነው ግን የማሽኑ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በፕሌይስቴሽን የወጣው ሬዚደንት ኢቪል 2 ሁለት ሲዲ የሞላ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ኤንጅል ስቱዲዮስ ወደ ኒንቴንዶ 64 ሲያዛውረው ግን ሁሉንም 64 ሜጋባይት ብቻ በሚይዝ ካርትሪጅ ውስጥ ማስገባት ነበረበት። ቪዲዮዎቹን አውጥቶ በመጣል ፈንታ አጥብቆ አመቃቸው፤ ደብዘዝ ማለታቸው ያስታውቃል። በአንጻሩ ኮንሶሉ ተጨማሪ ሚሞሪ ሲገጠምለት የጨዋታው ምስል ከፕሌይስቴሽኑ በላቀ ጥራት ይታይ ነበር። በአንድ በኩል የተነጠቀውን በሌላ በኩል አካክሷል ማለት ነው።

መልስ 2
የእናንተ የተኩስ ጌም ከሆነ ዱምን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓኒክ በተን የተባለው ስቱዲዮ ወደ ስዊች ሲያመጣው፣ በሌሎቹ ኮንሶሎች በሰከንድ 60 የነበረው ፍሬም ወደ 30 ወረደ። በኋላ በተለቀቀ ማሻሻያ ግን መቆጣጠሪያውን በማዘንበል ማነጣጠር ተቻለ፦ በስቲኩ ወደ ጠላት አካባቢ ትዞራላችሁ፣ የቀረችውን ትንሽ ርቀት የእጅ አንጓ ይጨርሳታል። በኮምፒውተር በማውስ ለለመደ ተጫዋች ይህ ከጥላና ከነጸብራቅ የበለጠ ዋጋ አለው ባይ ነኝ።

መልስ 3
በማዘንበሉ እስማማለሁ፤ ወደ 30 መውረዱ ግን ለተኩስ ጌም የመጨረሻው አማራጭ ሊሆን ይገባል። ትዕይንቱ ሲጨናነቅ የምስሉ ጥራት በራሱ እንዲወርድ፣ ሲረጋጋ ደግሞ እንዲመለስ አድርጉ፤ በጥድፊያ መካከል ይህን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ስዊች ስክሪን 6.2 ኢንች ብቻ ስለሆነ፣ በኮምፒውተር ደህና የሚነበበው የጥይት ቁጥር እዚያ ላይ ትንኝ ያክላል። ፊደሉን አሳድጉ።

ጠያቂው
እጅግ እናመሰግናለን። ማዘንበሉ በእጅ ተይዞ ብቻ በሚሠራው በስዊች ላይትም ይሠራል?

መልስ 2
አዎ፣ ዳሳሹ በውስጡ አለ። ላይት ቴሌቪዥን ላይ ስለማይሰካ ግን ስክሪኑም አብሮ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ የእንቅስቃሴውን መጠን ራሱ እንዲያስተካክል፣ ካልፈለገም እንዲያጠፋው ምርጫ ስጡት።