የቪትዝ ቴፕ ልቀይር ነው፤ ትልቅ ስክሪን ይሻላል ወይስ ስፒከር? (ደሴ)

የሐይቅ መንገድ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት። ቪትዝ አለችኝ፣ እ.ኤ.አ. የ2006 ምርት፣ ከጃፓን ወጥታ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ። ቴፑ አብሯት የመጣው ነው፣ ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ። ሬዲዮው ከ90 በላይ አይሄድም፣ የምፈልገውን ጣቢያ አግኝቼበት አላውቅም። ባለፈው ደግሞ ባትሪ ስቀይር ኮድ አስገባ ብሎ ተቆለፈ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ይዤ ሐይቅ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴም ዘመድ ልንጠይቅ እስከ ውጫሌ እንዘልቃለን። እናቴ የአምባሰል ልጅ ናት። መሲንቆ ከሰማች መንገዱ አይታወቃትም። እኔ ግን አሁን የማሰማት በስልኬ ነው፣ በስልክ ስፒከር ደግሞ መሲንቆ መሲንቆ አይሆንም። ይህ ነገር እውነት ለመናገር ከነከነኝ።

አንድ ሱቅ ጠይቄ ባለ 10 ኢንች አንድሮይድ አሳዩኝ። ያምራል። ልጁ «የድሮውን ሶኬት ቆርጬ በ20 ደቂቃ እገጥምልሃለሁ» አለኝ። መቁረጥ ሲል ሆዴ ፈራ። ያጠራቀምኩት ብር ወይ ለትልቁ ስክሪን ወይ ለመለስተኛ ቴፕና ለስፒከር ነው የሚበቃው፣ ለሁለቱም አይደርስም። የምታውቁ ንገሩኝ፣ የትኛውን ላድርግ?

ማሳ ከኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራዬ ነው፣ እዚሁ ኮምቦልቻ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ሬዲዮህ አልተበላሸም። ጃፓን ውስጥ ለኤፍኤም የተመደበው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፣ የእኛ ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ የምትይዘው ያችን ከ87.5 እስከ 90 ያለችውን ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። አንቴናው ላይ የሚገባ ባንድ ኤክስፓንደር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፣ የላይኛውን ጣቢያ ወደታች አውርዶ ያሰማሃል። ግን ድምፁን ያሻክረዋል፣ የሚታይህ ቁጥርም የጣቢያው ትክክለኛ ቁጥር አይሆንም። የተቆለፈ ቴፕ ላይ እሱን መጨመር ብር ማባከን ነው። ቀይረው።

ግን አታስቆርጥ። በፍጹም። ቶዮታ ከኋላው ባለ 10 እና ባለ 6 ፒን ሶኬት አለው፣ ለዚያ የሚሆን መቀጠያ ሶኬት ገበያ ላይ አለ፣ ዋጋውም ከሌላው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የአዲሱን ቴፕ ሽቦ ከመቀጠያው ጋር ጠረጴዛ ላይ አያይዘህ ትጨርሳለህ፣ መኪናው ላይ የሚቀረው መሰካት ብቻ ነው። ከጠላኸው ነቅለህ ወደ ነበረበት ትመልሰዋለህ።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ ያዝልኝ፣ ብዙ ቴፕ ሲቃጠል ያየሁት በዚህ ነው። ከገበያ የሚገዛ ቴፕ ላይ ቢጫው የባትሪ ነው፣ ሁልጊዜ 12 ቮልት። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው ነው። ጥቁሩ ማሳ፣ ማለት ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ። ግራጫው የፊት ቀኝ ስፒከር ነው። ቶዮታ ላይ ግን ግራጫው ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው 12 ቮልት ነው! የባትሪው ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለው ሲሆን ማሳው ቡናማ ነው። እንግዲህ «ግራጫን ከግራጫ» ብሎ ያገናኘ ሰው 12 ቮልቱን በቀጥታ ስፒከር መውጫው ላይ ለቀቀው ማለት ነው። ቺፑ እዚያው ይሄዳል።

ያንተዋ ደግሞ መሪዋ የዞረ ስለሆነ ዳሽቦርዷ አንዴ ተፈትቷል፣ ሽቦዋም ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ቀለም አትመን፣ በቴስተር ለካ። ቁልፉ ወጥቶ 12 ቮልት የሚያሳየው የባትሪው ነው። ቁልፉን አንድ ጠቅ ስታደርግ ብቻ የሚመጣው ሌላኛው ነው። ለክተህ ስትጨርስ፣ ሽቦ መንካት ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ።

ስፋቱንም ለካ። ከጃፓን የመጡ ብዙ ቶዮታዎች የቴፕ ቦታቸው 20 ሴንቲ ነው፣ የተለመደው ደብል ዲን ቴፕ ግን 17.8 በ10 ሴንቲ ነው። ግራና ቀኝ አንዳንድ ሴንቲ ገደማ ክፍት ይቀራል፣ ለዚያ የሚሆን የፕላስቲክ ፍሬም አብረህ ግዛ። አለበለዚያ በካርቶን ይወትፉልሃል፣ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ሲንቀጫቀጭ ትሰማዋለህ።

የወልድያው

ኮምቦልቻ ያለው ወንድማችን እውነቱን ነው። የኔን ልጨምር። እኔ እንዳንተው ቸኩዬ አስገጠምኩ፣ የገጠመውን ሰው ስም አልጠራም። የገጠመ ቀን ሁሉም ነገር ሸጋ ነበር። አርብ ማታ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት ብነሳ ሞታለች። መብራት እንኳ የላትም። አውቶማቲክ ስለሆነች ገፍቶ ማስነሳት የለም፣ የጎረቤት መኪና ለምኜ በኬብል አስነሳሁ። ሁለት ጊዜ እንደዚህ ሆነ፣ ባትሪው ነው ብዬ አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ያም ሞተ። እናቴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ በነበራት ቀን ነው ሁለተኛው የሆነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

በኋላ አንድ ሌላ ባለሙያ ሲያየው ቢጫውና ቀዩ ሁለቱም አንድ ላይ ባትሪው ላይ ታስረዋል። አንድሮይዱ ስክሪኑ ይጠፋል እንጂ ውስጡ አይተኛም ነበር። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢበላ እንኳ ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ነው፣ 30 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። የትናንሽ መኪና ባትሪ ደግሞ በአብዛኛው ከ35 እስከ 45 ነው። ስለዚህ ገጣሚው ከመሄዱ በፊት ቁልፉን አውጥታችሁ፣ በሮቹን ዘግታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና አስለኩ። መኪና ቆሞ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ መብላት የለበትም።

የሐይቅ መንገድ

አላህ ይስጣችሁ፣ ሁለታችሁም። ቀለሙን በወረቀት ጻፍኩት። የቀረኝ የስክሪኑና የስፒከሩ ነገር ነው። ሱቁ ውስጥ «50 ዋት በ4 ነው፣ ስፒከር መቀየር አያስፈልግህም» አሉኝ። እውነት ነው?

ሰኞ ባቲ

ይሄን እኔ ልመልስልህ፣ ወንድም። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ አልቀርም፣ መንገድ ላይ ውዬ መንገድ ላይ ነው የማመሸው። ስለዚህ የመኪና ድምፅ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

50 ዋት የሚሉት ቴፑ ለቅጽበት ሲጮህ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ሳያቋርጥ በንጹህ ድምፅ የሚሰጠው 20 ዋት ገደማ ነው። ስክሪኑ 7 ኢንችም ይሁን 10 ኢንች ይህ ብዙም አይለወጥም። ድምፁን የምትሰማው በስፒከሩ ነው። የፋብሪካው ስፒከር ወረቀት ነው፣ ያንተዋ ወደ 20 ዓመት ሊሞላት ነው፣ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ቴፕ ቀየርኩ፣ ልዩነቱ ብዙም አልነበረም። የፊት በሮቹን ስፒከር ስቀይር ግን ያው ዘፈን ሌላ ሆነ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች ሕይወታቸው መሀል ድምፅ ላይ ነው። የመሲንቆው ፀጉር ሲፋተግ፣ ዘፋኟ ድምፅዋን እያንቀጠቀጠች ስትጎትተው፣ ዋሽንቱ ውስጥ ትንፋሹ ሲያልፍ። ገጣሚዎቹ ግን ቤዙን ከላይ፣ ትሬብሉን ከላይ፣ መሀሉን ከታች አድርገው ነው የሚሰጡህ፣ ሱቅ ውስጥ ደመቅ እንዲል። ቤትህ ስትደርስ ሁሉንም ዜሮ ላይ መልሰው። ከዚያ መሀሉን ትንሽ ከፍ አድርግ። እናትህ ልዩነቱን ይነግሩሃል፣ አንተ መንገር አያስፈልግህም።

ከዩቲዩብ ተጎትቶ በትንሽ መጠን የተቀመጠ ዘፈን ደግሞ ምንም ስፒከር አያድነውም። ጥራቱ 320 ኬቢፒኤስ የሚለውን ፈልግ። ፍላሹ አልነበብ ካለህም አትደንግጥ፣ ኮምፒውተር ላይ ፋት 32 አድርገህ ፎርማት አድርገው። ያለውን ዘፈን ግን ቀድመህ ገልብጥ፣ ፎርማት ያጠፋዋል።

ማሳ ከኮምቦልቻ

እህታችን ጨርሳዋለች። እኔም ብሩን ለመለስተኛ ቴፕና ለጥሩ የፊት ስፒከር አውጣው ነው የምለው። ብሉቱዝና ዩኤስቢ ካለው ይበቃሃል። የኋላው ይቆይ።

ስፒከር ስትገጥም ሁለት ነገር። ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ በሪቬት ነው የሚመታው፣ በጥንቃቄ በድሪል ይበሳል እንጂ አይፈነቀልም። በሩ ውስጥ ያለችውን ላስቲክ ቀድደው እንዳይጥሏት ተቆጣጠር! የደሴን ክረምት ታውቀዋለህ፣ ውሃው በመስታወቱ በኩል በሩ ውስጥ ይወርዳል፣ ስፒከሩን የምትጠብቀው እሷ ናት።

ሁለተኛው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ነው። የግራው ትክክል ሆኖ የቀኙ ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም የት እንደቆመ አይታወቅህም። ማጣሪያው ቀላል ነው። የ1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ያዝና የስፒከሩ ሽቦ ከቴፑ ላይ ተነቅሎ እያለ ለአፍታ ንካው። የባትሪው ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ከተገናኘ ወረቀቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ውስጥ ከገባ ገልብጠው። የስፒከርን ኔጌቲቭ ደግሞ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያስር ሰው ካየህ አስቁመው፣ የዛሬ ቴፕ እንደዚያ አይሠራም፣ ይቃጠላል።

የአዲሱን ቴፕ ሰማያዊ ሽቦም አትርሳ። አንቴናው ማጉያ ካለው 12 ቮልቱን የሚያገኘው በእሷ ነው። ሳይገናኝ ከቀረ ቶሳ ተራራ ሥር ቆመህ እንኳ ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል፣ ሰውም ቴፑን ነው የሚያማው። ተራራ ጀርባ ስትገባ የሚጠፋው ግን ሌላ ነው፣ ኤፍኤም ተራራ አያልፍም፣ እሱን ማንም አያስተካክለውም።

ሞተር ሲነሳ ፉጨት ከመጣና ነዳጅ ስትሰጥ ከፍ ከፍ ካለ ከዲናሞው የመጣ ነው። ከአስር ስምንቱ ማሳው ነው ጥፋቱ። ቀለሙን ፍቀህ ንጹህ ብረት ላይ እሰረው።

ባለ ኤፍኤስአር

ልጆቼ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጌ ሚሌ የምመላለስ ሹፌር ነኝ፣ 22 ዓመት ሆነኝ። የጭነት መኪና ያላችሁ ይህን ስታነቡ እንዳትሳሳቱ አንድ ነገር ጀባ ልበላችሁ። አይሱዙ 24 ቮልት ነው። የቤት መኪና ቴፕ በቀጥታ ከሰካችሁበት ያው አለቀ። አንዳንዱ ብልህ ነኝ ብሎ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ይስባል። እኔም አድርጌዋለሁ። ቴፑ ይሠራል፣ ግን አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ዲናሞው ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚሞላው፣ ሌላኛው ከመጠን በላይ ይሞላና ውሃው ይደርቃል። ሁለት ባትሪ በአንድ ዓመት ጣልኩ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ግዙ፣ ቢያንስ 10 አምፔር የሚችል።

ስክሪን ለምትገጥሙ ደግሞ፣ ከእጅ ፍሬኑ ጋር የምትያያዘዋን ቀጭን ሽቦ ገጣሚው ማሳ ላይ ያስራታል፣ እየነዱ ቪዲዮ ለማየት። ይህን ነገር እምቢ በሉት። እኔ ከላይ ተቀምጬ የማላየው የለም። ሀረጎ ጥምዝ ላይ ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ ወደኔ መስመር የገባ ልጅ አይቻለሁ። ፍሬኔ ይዞ ነው ዛሬ የምጽፈው።

የሐይቅ መንገድ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሰምቻለሁ፣ ስክሪን አላስገጠምኩም።

ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። ቴፕና የፊት ስፒከር ገዛሁ፣ መቀጠያ ሶኬቱን ደሴ ሦስት ሱቅ ዞሬ አገኘሁት። ዳሽቦርዱ ሲፈታ ወንድሜ ማሳ ያልከው ደረሰ፣ ከኋላ ሁለት ሽቦ ተቆርጦ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሏል፣ ቀለሙም ከተባለው ጋር አይገጥምም። በቴስተር ባንለካ ኖሮ አበቃልን። ስፋቱ 20 ነበር፣ ፍሬም ገባለት። በድንጋይ ባትሪው ስንፈትሽ የቀኙ በር ስፒከር ሽቦ የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ፣ የቀድሞው ባለቤት ሁሉ ዘመኑን እንደዚያ ነው የሰማው ማለት ነው። መኪናዋ ቆማ የምትበላውን አስለካሁ፣ 30 ሚሊ አምፔር።

ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ሐይቅ ወረድን። እህቴ ሰኞ ባቲ፣ እንዳልሽኝ ሁሉንም ዜሮ አድርጌ መሀሉን ሁለት ቁጥር ከፍ አደረግኩት። አምባሰል ከፈትኩላት። ምንም አላለችም፣ መስኮቱን ዘጋችው፣ ነፋሱ እንዳይረብሻት። ሐይቅ ደርሰን ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ፣ እስኪያልቅ መኪና ውስጥ ተቀመጥን።

የድሮው ቴፕ ሶኬቱ ሳይቆረጥ ካርቶን ውስጥ ነው፣ ቁምሳጥን ላይ።