ደረጃ ወይስ ማዕረግ? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጎበዝ ተማሪዎችን ሽልማት እንደገና ስለ ማደራጀት

ጠያቂ፦ ምክትል ርዕሰ መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። እስከ ዛሬ የምንሸልመው በሰኔ መጨረሻ በሚከበረው የወላጆች ቀን፣ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ብቻ ነው፤ ሽልማቱም መዝገበ ቃላት፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ባለፈው ዓመት ሮስተር ስናመሳክር ግን የሚያሳፍር ነገር አየሁ። በ10ኛ ሀ በ79 አማካይ ውጤት ሦስተኛ የወጣው ልጅ መድረክ ላይ ሲጠራ፣ በ10ኛ ለ 87 አምጥታ አምስተኛ የሆነችው ልጅ ከተቀመጠችበት አጨብጭባ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ከሃምሳ በላይ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ሽልማቱ ለሦስት ልጆች ብቻ ስለሆነ፣ የተቀሩት ገና በመስከረም «እነ እገሌ እያሉ» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አዲስ ሐሳብ ይዤ ለመቅረብ አስቤአለሁ። መስፈርቱን በምን ላይ ላቁመው? መምህራን ለወደዱት ልጅ ነጥብ እንዳይቸሩስ ምን ይደረግ? ገንዘባችንም ጥቂት ነው።

መልስ 1፦ ጡረተኛ መምህር

ለሚፈልጉት ነገር ምሳሌው እዚሁ አገራችን አለ። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አጠቃላይ ነጥቡ 3.25 የደረሰ ተማሪ በማዕረግ፣ 3.50 የደረሰ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 የደረሰ ደግሞ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይመረቃል። አንዱ ማዕረግ ስላገኘ የሌላው አይቀነስበትም፤ ሃያ ሰው መስፈርቱን ካሟላ ሃያውም ይጠራል። ደረጃ ግን አንዱ ከፍ እንዲል ሌላው ዝቅ ማለት አለበት። ማስታወሻውን ለጓደኛው የማያውስ ጎበዝ ተማሪ ያበዛብን ይኸው ይመስለኛል። ስለዚህ ማዕረጉን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ያውርዱት፤ ለምሳሌ በሴሚስተሩ 85 እና ከዚያ በላይ ያመጣ በማዕረግ፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያመጣ በከፍተኛ ማዕረግ ይባል፤ በየትኛውም ትምህርት ከ60 በታች ያለው ግን አይካተት።

ነጥብ ስለ መቸር ያነሡት ሥጋት ከሁሉም የከበደ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲፈተኑ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ ይህ ማለት ደግሞ የእነዚያ ትምህርት ቤቶች አንደኞች ሁሉ አላለፉም ማለት ነው። ወላጆቻቸው ግን ሲሸለሙ እያዩ እልል ሲሉ ኖረዋል። የማጠቃለያ ፈተናው ለሁሉም ክፍሎች አንድ ዓይነት ሆኖ በትምህርት ክፍሉ በጋራ ይዘጋጅ፤ በወረቀቱ ላይ ከስም ይልቅ ቁጥር ይጻፍበት፤ መምህራንም ተለዋውጠው ይረሙት። የአንድ ክፍል የተከታታይ ምዘና ውጤት ከማጠቃለያ ፈተናው ጋር እጅግ ከተራራቀ፣ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት መምህሩ ምክንያቱን ያስረዳ። ይህን ሳያደርጉ ማዕረግ ቢያውጁ የተቸረውን ነጥብ በማኅተም ማጽደቅ ነው የሚሆነው።

መልስ 2፦ ሜሪላንድ የምትኖር እናት

ልጆቼ እዚህ አሜሪካ ሲማሩ ያየሁት ጋሼ ካሉት ጋር ይቀራረባል። «ኦነር ሮል» የሚባለው ዝርዝር የተወሰነ ነጥብ የደረሰውን ሁሉ ያካትታል፤ አንደኛና ሁለተኛ የለውም። ከዚያ ሌላ በ1921 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ «ናሽናል ኦነር ሶሳይቲ» የሚሉት ማኅበር አለ፤ መመዘኛዎቹም የትምህርት ውጤት፣ አገልግሎት፣ መሪነትና ጠባይ ናቸው። ቢያንስ 85 በመቶ ወይም ተመጣጣኙ ያስፈልጋል፤ እሱ ግን በሩን ብቻ ነው የሚከፍተው። የሚመርጡት ርዕሰ መምህሩ የሚሰይማቸው አምስት መምህራን ሲሆኑ፣ እርሱ ራሱ ድምፅ አይሰጥም። ይህ አሠራር ለእናንተም የሚጠቅም ይመስለኛል።

ጠባይን የምትመዝኑ ከሆነ ግን በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ይኑራችሁ። ትልቋ ልጄ ሁሉንም አሟልታ ሳትመረጥ ስትቀር ምክንያቱን የነገረን ሰው አልነበረም፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

መልስ 3፦ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር

በአክብሮት በሐሳብ ልለይ። እኔ በማስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት 85ን መስፈርት ብናደርግ የሚጠሩት ሦስት ወይም አራት ልጆች ይሆኑና ወደ ነበርንበት እንመለሳለን። ከ48 ወደ 63 የወጣ ልጅ ያሳየው ትጋት 90 ላይ ከቆየው አያንስም፤ ስለዚህ ለመሻሻልም ቦታ ይኑር። ሁልጊዜ መገኘትን መሸለም ግን አልመክርም። በካሊፎርኒያ ከ15,000 በላይ ተማሪዎች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ቀድሞ ሳይነገራቸው ስለ አለመቅረታቸው የተሸለሙት ልጆች ከዚያ በኋላ ይበልጥ መቅረት እንደጀመሩ አሳይቷል።

ጡረተኛ መምህር

መሻሻሉን እቀበላለሁ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጋር ካነጻጸራችሁት፣ ሆን ብሎ ዝቅ ብሎ የሚጀምር ብልጥ አይጠፋም። ካለፈው ዓመት አጠቃላይ አማካይ ጋር ይነጻጸር።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መስፈርቱን ከመወሰናችን በፊት ያለፉትን ሁለት ዓመታት ሮስተር አውጥተን፣ በ80፣ በ85 እና በ90 ቢሆን ከየክፍሉ ስንት ልጅ እንደሚገባ እንቆጥራለን። ወጪውም የምስክር ወረቀት ማሳተሚያ ብቻ ይሆናል፤ ስሞቹን ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያ ተማሪዎች ያነቧቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ደረጃን ከካርዱ ላይ እናውጣው? ወላጅ ካርድ ሲቀበል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው።

ጡረተኛ መምህር

ካርዱን ለጊዜው አይንኩት፤ በአንድ ዓመት ሁለት ነገር ከቀየሩ ወላጅ ሁለቱንም ይጠላቸዋል። ሽልማቱን ብቻ ከደረጃ ያላቅቁት። የመጀመሪያውን የማዕረግ ዝርዝር ደግሞ በሰልፍ ከማስነበብዎ በፊት ሦስት ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያቆዩት፤ የድምር ስሕተት ያለበት ካርድ የሚገኘው ያኔ ነው።